«መስማት ለማትችል ልጄ በምን ቋንቋ ልንገራት?»

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህርት፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የ11 ዓመት ልጄ መስማት የተሳናት ናት። ትምህርት ቤቷ ስለሚርቅ ጠዋትና ማታ የሚያመላልሳት ባለ ባጃጅ አለ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አላየሁትም፤ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስለ ጾታዊ ጥቃት ልነግራት ስነሳ፣ እኔ ሥራ ስውል የምትጠብቃት እናቴ «ያላሰበችውን አታሳስቢያት፣ ዓይኗን አትክፈቺባት» ትለኛለች። ደግሞስ በምን ልንገራት? የምንግባባው በቤት ምልክት ብቻ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ ይህን የሚሉት ለልጅቷ ከመሳሳት ነው። እኔ ግን ንገሪያት እላለሁ፤ ምክንያቴንም ልንገርሽ።

ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንዲት መስማት የተሳናት የ9 ዓመት ተማሪ ነበረችኝ። የመውጫ ሰዓት ሲደርስ እጄን ይዛ የታጠፈ ጣቷን መዳፏ ላይ ታዞራለች፤ «ቁልፍ» ማለቷ ነው። የቤት ቁልፍ የጠፋባት መስሎኝ ቦርሳዋን አራግፌ ፈለግሁላት። በማግስቱም እንዲሁ። ሁለት ሳምንት ቁልፍ ስፈልግ ከረምኩ። በኋላ ራሷ መስማት የተሳናት ባልደረባዬ አረፍ አድርጋ ስታናግራት ነገሩ ወጣ፤ ልጅቷ የምትነግረኝ በሩን ከውስጥ ስለሚቆልፈው ዘመዷ ነበር። ከዚያች አንዲት ምልክት ሌላ መናገሪያ አልነበራትም። አላስተማርናትማ!

በ2012 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራው ጥናት አካል ጉዳተኛ ልጆች ለወሲባዊ ጥቃት የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎች ልጆች 2.9 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እኔ ያን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ያቺ ጣት ናት የምትታየኝ።

የቤት ምልክት ለመብልና ለመኝታ ይበቃል፤ ለዚህ አይበቃም። ወደ ትምህርት ቤቷ ሂጂና የጡትን፣ የብልትን፣ የመቀመጫን፣ የ«እምቢ»ን ምልክት ተማሪ። አፍረሽ አትተዪው።

ደግሞ አስቢው፤ መስማት የተሳነው ልጅ የሚጠራው በመነካት ነው። ልጅሽን ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ ይነካታል። ስለዚህ «ማንም አይንካሽ» ብትያት ግራ ይገባታል። የጨርቅ አሻንጉሊት ያዢና ትከሻዋንና ክንዷን ነክተሽ «ይህ መጥሪያ ነው» በያት። ከዚያ እጅሽን ወደ አሻንጉሊቷ ጭን ስትሰጂ ልጅሽ በኃይል ትገፍትረው። ደጋግማ ትሥራው። እንግዳ መጥቶ ልሳምሽ ሲላት ካልፈለገች አታስገድጃት፤ ለትልቅ ሰው እምቢ ማለትን የምትለምደው እዚያ ነው።

ማታ መብራት ተይላት፣ ለመብራት መጥፋትም የእጅ ባትሪ ትራሷ ሥር ይሁን። በጨለማ ምልክት አይታይም። ባጃጁ ላይ ከጎረቤት ልጅ ጋር እንጂ ብቻዋን አትሂድ። ግን ሥጋትሽን ሁሉ በእሱ ላይ አታድርጊው፤ አጥቂው ብዙ ጊዜ ቤተኛ ነው።

አያድርገውና አንድ ነገር ከደረሰባት ገላዋን አትጠቢያት። ልብሷን በወረቀት ከረጢት ይዘሽ ወዲያው ሆስፒታል ውሰጃት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ፖሊስ ዘንድ አስተርጓሚዋ የቤተሰብ ሰው አይሁን። ሽማግሌ ቢላክብሽም አትስሚ፤ ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ የደፈረ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 የሚጠብቀው ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

ምልክቶቹን ስትማሪ እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ቀን ቀን አብረዋት የሚውሉት እሳቸው ናቸውና።