ፊርማው ላይ ልፈርም ወይስ ልተወው?

ጥያቄ

ሰላም እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ቤቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ። ሰርቪስ የለንም። ጠዋት 10 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ልጄን ለእናቴ ሰጥቼ እወጣለሁ። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም። ካረፈድኩ ከደመወዜ ይቆረጣል። ማታ ደግሞ ይብሳል፣ ከታሪፍ በላይ ከፍለንም ተጋፍተን ነው የምንገባው። አሁን አብረን የምንመላለሰው ሰዎች "መንግሥት አውቶቡስ ይመድብልን" ብለን ፊርማ እያሰባሰብን ነው። ባለቤቴ ግን "መንግሥት መንገዱን ሠራ፣ መኪናው የነጋዴ ነው፤ ስንት ችግር እያለ በአውቶቡስ ታስቸግሩታላችሁ?" ይለኛል። መልስ አጣሁለት። ልፈርም? ምን ብለንስ እንጻፍ?

የቧንቧ ውሃዋ እህትሽ

መልስ

አብሽሪ እህቴ፣ ፈርሚ። ከቻልሽ ወረቀቱን ይዘሽ ቤት ለቤት ዙሪ።

ባለቤትሽ የሚለውን ብዙ ሰው ይለዋል፤ ስለዚህ በደንብ እንየው። ሚኒባስ ሳይሞላ የማይነሳው ሾፌሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ማታ ለመኪናው ባለቤት የሚያስረክበው የቀን ገቢ አለበት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ፍሬን ይጨርሳል፣ ዳገቱ ነዳጅ ይጠጣል። አራት ሰው ይዞ በሌሊት ቢወርድ ከስሮ ነው የሚውለው። ስለዚህ ይጠብቃል። ማታም ባዶውን ኮምቦልቻ ወርዶ ሰው ከሚያመጣ እዚያው ደሴ ውስጥ ቢመላለስ ይሻለዋል። በሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።

እንግዲህ ጠዋት 11 ሰዓት የሚነሳ መኪና ለነጋዴ አያዋጣም፣ ላንቺ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ነጋዴ የማያዋጣውን፣ ሕዝብ ግን ያለሱ የማይሆንለትን ነገር መንግሥት ካልያዘው ማን ይይዘዋል? መንገዱስ ቢሆን? የሐረጎን አስፋልት አተርፍበታለሁ ብሎ የሠራው ነጋዴ የለም።

ደግሞ መንግሥት መቼ ነው ከትራንስፖርት ውጭ የሆነው? ታሪፉን የሚያወጣው እሱ ነው። ሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማው መነሳት ሲጀምር ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች "የታለመ ድጎማ" ብሎ ለይቶ ያስቀጠለውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንበሳ አውቶቡስ በትኬት ሽያጭ ብቻ አይሮጥም፤ ከተማው ይደጉመዋል፣ ደግሞም ልክ ነው። ታዲያ ወሎ ላይ ሲደርስ ለምን የነጋዴ ብቻ ይሆናል?

ባለፈው ሰኞ ማታ እኔም ኮምቦልቻ ቆሜ ነበር። ዝናቡ ያካፋል። ሰልፍ የለም፣ ሰው በቡድን በቡድን ነው የቆመው። አንድ ሚኒባስ ከሩቅ መብራቱ ሲታይ ሁሉም ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወጣ፤ ረዳቱ በሩን ሳይከፍት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ደሴ ለሚሄድ ብቻ፣ ዝርዝር ያዙ!" አለና የታሪፉን እጥፍ ጠራ። ማንም አልተከራከረም። አጠገቤ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች፤ ነጠላዋን ልጁ ላይ ደርባ አንድ እጇን በሩ ላይ አድርጋለች፣ ሌሎቹ ቀደሟትና እጇን መለሰችው። በሚቀጥለውም አልገባችም። ሦስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ወርደው ቦታቸውን ለቀቁላት። እሳቸው በስንተኛው እንደገቡ እንጃ፣ እኔ ስሄድ እዚያው ነበሩ።

በዚህ መንገድ ላይ ያለሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢው በሁለቱም ከተማ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 የተከፈተው ኮምቦልቻ ነው፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ ደሴ። የደሴ ሰው አውሮፕላን የሚሳፈረው ኮምቦልቻ ወርዶ ነው። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው እንጂ ኑሮው አንድ ነው። አንድ ትልቅ አውቶቡስ የአምስት ሚኒባስ ሰው አስቀምጦ ይወስዳል። ጭጋግ በወረደ ጊዜ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ፣ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ የሚወርዱ ሚኒባሶች ቢቀንሱ ለሁላችንም ነፍስ ነው።

"ባቡሩ ይመጣ የለ?" የሚልም አይጠፋም። የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ ባቡር ውሉ የተፈረመው በ2004 ነው፤ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ። እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተነጠፈ፣ ኤሌክትሪክ ሲጠበቅ ቆየ፣ ጦርነቱ መጣና ተጎዳ። ይጠገን፣ ይሂድ፣ እኔም የምሳፈርበትን ቀን እናፍቃለሁ። ግን ለነገ ጠዋት ሥራሽ አይደርስልሽም፣ ቢመጣም ከጣቢያው ቤትሽ የሚያደርስሽ መኪና ያስፈልግሻል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። "አውቶቡስ ይመደብልን" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። አውቶቡስ ተገዝቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ በዓመቱ ጎማ አጥቶ ሊቆም ይችላል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡር ነበረው፤ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ስለዚህ የመለዋወጫውና የጥገናው በጀት በየዓመቱ ተለይቶ ይያዝ ብላችሁ ጻፉ። ሰዓቱንም ጻፉ፦ ጠዋት 11፣ 11 ተኩል፣ 12፤ ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ። ሞላም አልሞላም በሰዓቱ ይነሳ። ዋናው ይሄ ነው፣ ቢዘነጋ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የጸጥታው ነገር ማታ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ካልተቻለ በጠዋቱ ይጀመር።

መንገዱ ሁለት የከተማ አስተዳደር ስለሚያገናኝ አንዱ ወደ ሌላው እንዳይገፋችሁ ለሁለቱም ምክር ቤቶች ስጡ፣ ግልባጭ ለክልሉ ትራንስፖርት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ነው የሚገባው። ሰኔ ላይ ከደረሳችሁ ገንዘቡ ተደልድሎ ያልቃል፤ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ እጃቸው ይግባ፣ ተቀባይነት ማኅተምም አስመቱ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። ከነገ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት በደብተር ያዢ፦ ስንት ሰዓት መናኸሪያ ደረስሽ፣ ስንት ሰዓት ተነሳ፣ ስንት ከፈልሽ። አሥር ሆናችሁ ብትይዙት ከፊርማው ጋር የሚያያዝ ማስረጃ ይሆናል። ለባለቤትሽም መጀመሪያ እሱን አሳዪው። ሲያልቅ ቅጂውን ላኪልኝ፣ እዚሁ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ።