«አሠሪሽ ኢንሹራንስ አለው» ለተባለች ነርስ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ የምኖር ነርስ (አርኤን) ነኝ። በሳምንት ሦስት ሌሊት ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ በኤጀንሲ እወጣለሁ። ሱፐርቫይዘሬ «እዚህ እስከሠራሽ የእኛ ኢንሹራንስ ይሸፍንሻል» ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ «የራስሽ ካለሽ ጠበቆች አንቺን ነው የሚከሱት» አለችኝ። የራሴን ማልፕራክቲስ (የሕክምና ስህተት) ኢንሹራንስ ልግዛ ወይ? አሁን ብገዛ ከዚህ በፊት ለተፈጠረ ነገርም ይሠራል? የነርሶችን ላይሰንስ (የሙያ ፈቃድ) ከሚቆጣጠረው ቦርድ ደብዳቤ ቢመጣስ?

መልስ፦ እህቴ፣ «አንቺ» ልበልሽና በቀጥታ ልመልስልሽ። አዎ፣ ግዢ።

ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎችሽን ደጋግሜ አነበብኳቸው። ለወደፊቱ ብቻ የሚጨነቅ ሰው «ከዚህ በፊት ለተፈጠረ» ብሎ አይጠይቅም። የሆነ ነገር ተፈጥሯል፤ ምናልባት ደብዳቤውም ደርሶሻል። ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ግን ትንሽ ልቆጣሽ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል፣ ከነርስ በላይ የሚያውቀው ማን አለ?

ሕጉን ቶሎ ብዬ ልለፈው። በሥራ ሰዓትሽ፣ በተመደብሽበት ሥራ ላይ ለሚደርስ ስህተት አሠሪሽም ይጠየቃል፤ ኢንሹራንሱም በአብዛኛው አንቺን ይጨምራል። ሱፐርቫይዘርሽ እስከዚህ ድረስ ልክ ናት። ያ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ግን የተገዛው ለተቋሙ ነው። የገንዘቡን ጣሪያ ከሌሎች ጋር ትካፈዪዋለሽ፤ ያንቺና የተቋሙ ጥቅም የተለያየ ቀን ደግሞ ማን እንደሚቀድም ግልጽ ነው። ኤጀንሲው በ1099 (ለተቀጣሪ ሳይሆን በግሉ ለሚሠራ በሚሰጠው የግብር ቅጽ) የሚከፍልሽ ከሆነ ተቀጣሪ ተብለሽ ላትቆጠሪም ትችያለሽ፣ ስለዚህ ውልሽን ለጠበቃ አሳዪው። ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን የደም ግፊት የምትለኪ ከሆነማ የአሠሪሽ ኢንሹራንስ እዚያ አይደርስም።

የጓደኛሽ ነገር ግማሹ እውነት ነው። ኢንሹራንስ መኖሩ ድርድር ላይ ዓይን ይስባል፤ ይህን አልክድም። ከሳሽ ጠበቃ ግን ስምሽን የሚያገኘው ቻርቱ (የታካሚው መዝገብ) ላይ ነው፦ ማን ፈረመ፣ መድኃኒቱን ማን ሰጠ። ስለ ኢንሹራንስሽ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ክሱ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ስትገዢ «ኦከረንስ» የሚባለውን ዓይነት ጠይቂ። ድርጊቱ ሲፈጸም ፖሊሲው ከነበረሽ፣ ክሱ ፖሊሲውን ካቋረጥሽ በኋላ ቢመጣም ይሸፍንሻል። ሜሪላንድ ውስጥ በሕክምና ስህተት ለመክሰስ ያለው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ 5 ዓመት ወይም ጉዳቱ ከታወቀ 3 ዓመት ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሚያልቀው ይወስናል። በዚያ መሃል ሥራ ልትቀይሪ ትችያለሽ። ዋጋው ለተቀጣሪ አርኤን አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከጥቂት መቶ ዶላር አይበልጥም።

ከመግዛትሽ በፊት ለተፈጠረው ነገር ግን አይሠራልሽም። ማመልከቻው ላይ «ክስ ወይም አቤቱታ ሊያስነሳ የሚችል ነገር ታውቂያለሽ?» የሚል ጥያቄ ይኖራል። እያወቅሽ «የለም» ካልሽ ኩባንያው ፖሊሲውን ሊሰርዝብሽ ይችላል። እውነቱን ጻፊ፤ ከመጻፍሽ በፊት ደግሞ ጠበቃ ጠይቂ።

ወደ ደብዳቤው ልምጣ። የሀገሬ ነርሶች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ እዚህ ነው። ቦርዱ «በዚህ ቀን ስለሆነው ነገር ምላሽሽን ስጪ» ብሎ ይጽፋል። ነርሷ ደነገጠች፣ ለማንም አልተናገረችም፣ «የምደብቀው የለኝ» ብላ በአንድ ሌሊት መልስ ጽፋ ላከች።

አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ አድርጋ ነው የመጣችው፤ ታሪኩን ማንነቷ እንዳይታወቅ ቀይሬዋለሁ። ከሌሊት ሺፍት ገብታ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሦስት ገጽ ጻፈች። አቤቱታው አንድ ነበር፦ የአንድ ታካሚ ስኳር የተለካበት ሰዓት ቻርቱ ላይ ተሳስቷል። እሷ ግን ልቧን ለማሳየት ብላ ያን ሌሊት ምን ያህል ታካሚ እንደነበረባት፣ እንዴት እንደደከማት፣ «እንደ ሁልጊዜው» ቻርቱን መጨረሻ ላይ በአንዴ እንደሞላችው ጻፈች። «እንደ ሁልጊዜው» የሚለው ቃል የአንድ ሌሊት ስህተትን የዘወትር ልማድ አደረገው። እኔ ጋ ስትደርስ ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ነበር። የፈረምሽበትን ቃል መልሶ ማውጣት አይቻልም።

የቴኔሲዋን ነርስ የራዶንዳ ቮትን ጉዳይ ሳትሰሚ አትቀሪም። በ2017 የተሳሳተ መድኃኒት ሰጥታ ታካሚዋ ሞተች። የግዛቱ ቦርድ መጀመሪያ እርምጃ አልወሰደም፤ በኋላ መልሶ ከፍቶት በ2021 ላይሰንሷን ሰረዘው። በ2022 ደግሞ በወንጀል ተፈረደባት፣ የ3 ዓመት የአመክሮ ቅጣትም ተወሰነባት። ለመርማሪዎች በግልጽ የተናገረችው ቃል ችሎት ላይ ቀርቧል። ያንቺ ነገር እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ዋሺም አላልኩም፣ በፍጹም! እውነቱ በጠበቃ በኩል፣ ከሰነድ ጋር ተመሳክሮ፣ ለተጠየቀው ጥያቄ ብቻ ይሰጥ ነው የምልሽ። ላይሰንስሽ ኮምፓክት (በብዙ ግዛቶች የሚያሠራ) ከሆነ ደግሞ ጣጣው ሜሪላንድ ላይ አያበቃም።

የራስሽን ኢንሹራንስ ግዢ የምልሽ ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው። ብዙዎቹ የግል ፖሊሲዎች ቦርድ ፊት ለሚቆምልሽ ጠበቃ እስከተወሰነ መጠን ይከፍላሉ፤ የአሠሪ ኢንሹራንስ ግን በአብዛኛው ይህን አይነካም። የተቋሙ ጠበቃ ሊያነጋግርሽ ሲጠራሽም በመጀመሪያ «የእኔ ጠበቃ ነዎት ወይስ የተቋሙ?» በይው።

ደብዳቤው በእጅሽ ካለ ዛሬውኑ የላይሰንስ ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ፈልጊ። የምላሹ ቀን እንዳያልፍ፤ ካጠረሽ ጠበቃው ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቅልሽ። ቻርቱን አትንኪ፣ «ላስተካክለው» ብለሽ አንዲት መስመር አትጨምሪ። የታካሚ ሰነድ በስልክሽ አንስተሽ እንዳትወጪ፣ ይህ ሌላ ክስ ነው። ስለ ጉዳዩ ለባልደረቦችሽ በቫይበርም በዋትስአፕም አትጻፊ። የሺፍት መርሐ ግብርሽን፣ የቅጥርና የኤጀንሲ ውልሽን፣ ከዚህ በፊት ለሱፐርቫይዘርሽ የሰጠሽው ጽሑፍ ካለ ቅጂውን ሰብስቢ። እኔ ሰነዶችሽን ሳላይ የጻፍኩት ይህ አጠቃላይ መረጃ ነው፣ ጠበቃን አይተካም። ደብዳቤው የመጣበትንም ፖስታ አትጣዪው፤ ላዩ ላይ ያለው ማኅተም ቀኑን ያሳያል።