ጓደኛዬ ታረፍዳለች፤ አለቃዋ ደግሞ እኔ ነኝ

ጥያቄ፦ በአንድ የመድኃኒት አከፋፋይ መጋዘን 6 ዓመት ሠርቼ ከአራት ወር በፊት የመጋዘን ኃላፊ ሆንኩ። በሥሬ ያሉት ዘጠኝ ሰዎች እስከ ትናንት አብረውኝ ቡና ሲጠጡ የነበሩ ናቸው። አንዷ የልብ ጓደኛዬ ናት። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ታረፍዳለች፣ ሌሎቹ ደግሞ ምን እንደምል ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። አባቴ የሚሆኑ አንድ ሰውም አሉ፤ ቢን ካርድ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ) በጊዜው አይሞሉም። እሳቸውን መናገር ስለሚከብደኝ ሁሉም ከሄደ በኋላ እኔው ቆጥሬ እሞላዋለሁ። ቤቴ የምገባው ማታ ሁለት ሰዓት ነው። ሹመቱ ይቅርብኝ ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሹመቱን አትመልሺ። አሁን ግን ሁለት ሥራ ይዘሻል፤ ቀን የኃላፊ፣ ማታ የድሮው ሥራሽ። ደመወዙ የአንድ ነው።

ከጓደኛሽ እንጀምር። ይሉኝታ ይዞሻል፣ ይገባኛል። እኔም ኃላፊ የሆንኩ ሰሞን ሪፖርት በሰዓቱ የማያመጣ ልጅ ነበረ፤ ሦስት ወር ሙሉ «ተወው፣ ያስተካክለዋል» እያልኩ ዋጥ አድርጌ ከርሜ አንድ ቀን ስብሰባ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የሦስቱን ወር በአንዴ ዘረገፍኩበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ በሰዓቱ ይመጣ ነበር፣ ሰላምታው ግን ቀረ። በመጀመሪያው ሳምንት ለብቻው ብጠራው ኖሮ የአምስት ደቂቃ ወሬ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉሃል ይሄ ነው።

ስለዚህ ነገ ለብቻዋ ጥሪያት። ምሳ ላይ አይሁን፤ ምሳ ላይ የተነገረ ቀልድ ሆኖ ይቀራል። «ሁሌ ታረፍጃለሽ» አትበያት፤ ያላረፈደችባቸውን ቀናት አንድ በአንድ ትቆጥርልሻለች። ቀኑን ጥሪ። «ሰኞ ሦስት ሰዓት ገባሽ፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ የሚያስጭን ጠፋ። ምን ገጥሞሽ ነው?» በያትና ዝም በይ። ከባዱ ዝም ማለቱ ነው። ምናልባት ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ሆና ይሆናል፤ ዘግይታ ገብታ ዘግይታ የምትወጣበት መንገድ ካለ ከበላይሽ ጋር ተነጋገሪበት። ግን ለእሷ የፈቀድሽውን ሌላው ሲጠይቅሽ አልችልም የምትዪው ከሆነ ገና ከጅምሩ አትፍቀጂ። ዘጠኙም ያውቃሉ፣ መጋዘን ውስጥ ምስጢር የለም።

ካልተስተካከለ በጽሑፍ ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድን ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለትም ወዲያውኑ፣ ለማሰናበት በቂ ምክንያት ያደርገዋል፤ ይህ ግን ሠራተኛው ስለ ማርፈዱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ሲቀጥል ነው። ሆድሽ ውስጥ የያዝሽው ቁጣ አይቆጠርም ማለት ነው። እዚያ እንደማትደርሱ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ጋሼ ስንመጣ፣ አክብሮቱ «እርስዎ» ማለቱ ላይ ነው። ሥራቸውን መሥራቱ ላይ አይደለም። እንዲያውም ማታ ማታ ካርዳቸውን እንደምትሞዪ ቢያውቁ ቅር የሚላቸው ይመስለኛል። «ጋሼ፣ ዕቃ በወጣ ቁጥር ካርዱን እዚያው ይሙሉልኝ። የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?» በያቸው። ማን ያውቃል፣ የካርዱ መስመር ለዓይናቸው ደቆ መነጽራቸውን ቤት እየረሱ ይሆናል። ካርዱ 40 ካርቶን እያለ መደርደሪያው ላይ 37 ሲገኝ፣ ወይም የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው መድኃኒት ኋላ ተደብቆ ሲቀር፣ የሚጠየቁት እሳቸውም አንቺም እንደሆናችሁ ንገሪያቸው። ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ። መጀመሪያ ሰሞን ይዘገያሉ፣ ይሳሳታሉም። ቀን፣ እሳቸው ባሉበት፣ አምስት መደርደሪያ መርጠሽ አብራችሁ ቁጠሩ። ማታ ግን ብዕር እንዳታነሺ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቁልፉን ቆልፈሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ የአንድ ቢሮ ኃላፊ ነኝ። ማታ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሥራ ስጽፍ ሁሉም ያዩታል፣ ማንም አይመልስም። ንቀት ነው?

መልስ፦ ራት ነው ወንድሜ። ሕጉ መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። ከዚያ በላይ ያሠራ ትርፍ ሰዓት ይከፍላል፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ እስከ ንጋት 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ። ለማታው መልእክትህ ይህን ልትከፍል ካላሰብክ አትላከው። እንዳልረሳው ብለህ ከሆነ የምትጽፈው፣ ቴሌግራም መልእክት ቀጥሮ መላኪያ አለው፤ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርገህ ያዝ፣ ሰዓት ምረጥ ይልሃል። ለጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አድርገው። ያኔም ካልመለሱልህ ጻፍልኝ፣ ሌላ ጉዳይ አለ ማለት ነው።