የእናቴ የራስ ምታት ክኒንና የጾም ረፋድ

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ልቧን ታማ ስለነበር ሐኪሟ በየቀኑ ባለ 81 ሚሊ ግራም አስፕሪን አዞላታል። እህቴ ደግሞ ከአሜሪካ ስትመጣ ኤክሰድሪን የሚባል የራስ ምታት መድኃኒት በትልቅ ጠርሙስ ይዛላት መጣች። እናቴ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ስለምትጾም ከረፋዱ ጀምሮ ራሷን ይወቅራታል፤ አላስችል ሲላት በጉንጭ ውኃ ሁለት ፍሬ ትውጣለች፤ ወዲያውም ይሻላታል። ሰሞኑን ጉንፋን ለያዘው የ14 ዓመት ልጄም አንድ ፍሬ ሰጥታዋለች። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ስለሆነ ዝም ብለን ነበር። ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ያለ ማዘዣ መሸጡ መድኃኒቱ ለማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ ይስማማል ማለት አይደለም፤ ለእናትዎም አይስማማም። ከተለመዱት የኤክሰድሪን ዓይነቶች አንዱ ፍሬ 250 ሚሊ ግራም አስፕሪን፣ 250 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞልና 65 ሚሊ ግራም ካፌይን (ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር) ይዟል። ስለዚህ እናትዎ ሁለት ፍሬ ሲውጡ፣ ለልባቸው ከሚወስዱት በተጨማሪ፣ የዕለት አስፕሪናቸውን ከስድስት እጥፍ በላይ ይጨምራሉ ማለት ነው። በቤት ውስጥ ያለ የጉንፋን መድኃኒትም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ስላለበት፣ ሳይታወቅ እርሱም ይደራረባል።

ወዲያው የሚሻላቸው ለምንድን ነው? እንደ ጻፉልን ከሆነ፣ የእናትዎ ራስ ምታት የቡና ሐራራ ሊሆን ይችላል ብዬ እጠረጥራለሁ። ካፌይን የጭንቅላትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ በየቀኑ የለመደው ሰውነት ሲቀርበት ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ራስም ይመታል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ትናንት ጾም ከፈቱ በኋላ 10 ሰዓት ገደማ አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣ ሰው በማግስቱ ረፋድ ላይ 18 ሰዓት ገደማ ስለሚሆነው፣ ቀጠሮው በትክክል ይገጥማል። ሁለቱ ፍሬዎች 130 ሚሊ ግራም ካፌይን ስለያዙ፣ እናትዎ የጎደላቸውን ቡና በክኒን መልክ እየጠጡት ሊሆን ይችላል። የዚህ ዓይነቱ የተቀላቀለ መድኃኒት በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ለሚበልጥ ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ፣ መድኃኒቱ ራሱ የራስ ምታት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሁዳዴ 55 ቀን መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ልማዱ በዚያ ወቅት ተተክሎ ከፋሲካ በኋላም ሊቀጥል ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጨጓራቸው ነው። አስፕሪን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ ደምን የሚያረጉትንም ሴሎች ዕድሜያቸው እስኪያልቅ ድረስ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ሥራ ያስፈታቸዋል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ማቃጠሉ ይብሳል፤ ይሁን እንጂ ጉዳቱ በደም በኩልም ስለሚደርስ ከምግብ በኋላ መውሰድ የመድማትን አደጋ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ዕድሜው 60 የሞላ፣ የጨጓራ ቁስለት የነበረበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው አደጋው ከፍ ያለ ነው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ካስመለሳቸው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ኤክሰድሪኑን ያቁሙ፤ ሐኪሙ ያዘዘውን 81 ሚሊ ግራም ግን ያለ እርሱ ምክር እንዳያቋርጡ፣ ድንገት መተው ለልብ ሕመምተኛ አደገኛ ነውና። ለራስ ምታቱ፣ የጉበት ሕመም ከሌለባቸው፣ ካፌይን የሌለበት ተራ ፓራሲታሞል ይሻላል። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በመጀመሪያ በረካውን፣ ቀጥሎ ቶናውን እያስቀሩ ቢሄዱ ሐራራው ይቀልላል። መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድን በሚመለከት የነፍስ አባታቸውን ቢያማክሩ እርሳቸውም ቅር ሳይላቸው ይቀበሉታል። በዚህ ዕድሜ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት ግን ሁሉ ጊዜ ሐራራ ላይሆን ስለሚችል፣ የደም ግፊታቸውን ያስለኩ፤ ሐኪማቸውም ይያቸው።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ድጋሚ እንዳይሰጠው። በጉንፋን፣ በኢንፍሉዌንዛ ወይም በጉድፍ የታመመ ልጅ አስፕሪን ሲወስድ፣ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም የሚባል እምብዛም የማይታይ ነገር ግን ከባድ ሕመም ሊከተል ይችላል፤ በብሪታንያ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አስፕሪን እንዳይወስዱ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። በሚቀጥሉት ቀናት ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ግራ ከተጋባ ወይም እንቅልፍ ከተጫጫነው ጊዜ ሳያጠፉ ለሐኪም ያሳዩት። በነገራችን ላይ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋን እንዳጠቃው ያለ የዴንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ) ወረርሽኝ ባለበት አካባቢ፣ ትልቅ ሰውም ቢሆን ለትኩሳት አስፕሪን መውሰድ የለበትም፤ ዴንጊ በራሱ ደም ያፈስሳልና።

ትልቁን ጠርሙስ ከመደርደሪያው ላይ ያንሱት። ክዳኑ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ፣ አስፕሪኑ በእርጥበት መበላሸቱን ያሳያል፤ ለሌላ ሰውም አይስጡት።