በዓይኔ በብረቱ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ደሴ ውስጥ 34 ዓመት የሰው ዓይን ሳክም ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን የቀረኝ ሥራ ቡና መጠጣትና ሳልጠየቅ መምከር ነው። የዛሬው «በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ስለምንላት ነገር ነው። እኔ በዚህች አባባል ሰው ላይ አስፈርጃለሁ።

ያደግኩት ኩታበር ገጠር ነው። 12 ዓመቴ ላይ ይመስለኛል፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከብት አስገብቼ ስመለስ አንዲት ፍየል የጎረቤት ገብስ ውስጥ ገብታ ትግጣለች። ጮህኩባት፣ ሮጠች። በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። በዚያ ሰፈር ፍየል ያላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ የአንዱ ጥቁር፣ የሌላው ቀይ።

«የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

«ጥቁሯ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

የጥቁሯ ባለቤት «ኧረ የእኔ ታስራ ነው ያደረችው» ቢሉ ማን ይስማቸው። ሁለት ቁና ገብስ ካሱ። እኔም ጀግና ሆኜ ሰነበትኩ።

ስንት ዓመት ቆይቶ አዲስ አበባ ለስልጠና ሄድኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ መምህራችን ስለ ሬቲና ያስረዳናል። ሬቲና ከዓይናችን በስተኋላ ያለ ስስ ሽፋን ነው፤ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉበት። ኮን የሚባሉት 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ቀለም የሚለዩት እነሱ ናቸው፤ ግን በቂ ብርሃን ካላገኙ ሥራ ያቆማሉ። ሮድ የሚባሉት ደግሞ 120 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ። በጭላንጭል ይሠራሉ፣ ቀለም ግን አያውቁም። በዚያ ላይ ለቀይ ብርሃን ዳተኞች ናቸው። ስለዚህ ቀኑ ሲመሽ ቀይ ነገር ከሌላው ቀድሞ ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ግን ፈካ ይላል። ይህን ከ200 ዓመት በፊት ገደማ ልብ ያለው ያን ፑርኪንየ የሚባል የቼክ ሰው ነው፤ ክስተቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ያቺ ፍየል ትዝ አለችኝ። ላብ አጠመቀኝ። ቀይዋ ብትሆንስ? በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብርሃን ሁለቱን ልለያቸው አልችልም ነበር።

ካላመናችሁኝ አንድ ዛላ ቀይ በርበሬና አንድ አረንጓዴ ቃሪያ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሲመሽ መብራት ሳታበሩ ቁጭ ብላችሁ እዩዋቸው። በርበሬው ከሰል መስሎ ቁጭ ይላል። ብቻ ስልካችሁን አትንኩ። ሮዶቹ ጨለማን በደንብ እስኪለምዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋሉ፣ የስልክ ብርሃን ደግሞ ልፋታቸውን ገደል ይከተዋል። ላሊበላ የተሳለመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከፀሐይ ወደ ቤተ ማርያም ሲገባ መጀመሪያ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ትንሽ ታግሦ ለቆመ ግን የጣሪያው ሥዕል ቀስ እያለ ብቅ ብቅ ይላል።

ሌላ ላሳያችሁ። ነጭ ወረቀት ላይ በግራ በኩል ትንሽ መስቀል ሥሩ። ከእሱ 8 ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በቀኙ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ቀስ በቀስ ወደ ፊታችሁ አምጡት። 30 ሴንቲሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቧ ትጠፋለች! የዓይን ነርቭ ከሬቲና በሚወጣበት ቦታ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም። እያንዳንዱ ዓይናችን እዚያ ላይ ዕውር ነው። የሚገርመው ግን ቀዳዳ አለማየታችን ነው። አእምሮ ዙሪያውን ነጭ ካየ «ይሄም ነጭ ይሆናላ» ብሎ ይደፍነዋል። ማንንም አያማክርም። ባስራ ተወልዶ ካይሮ የሠራው ሊቅ ኢብን አል-ሃይሠም ከ1000 ዓመት በፊት ብርሃን ወደ ዓይን እንደሚገባ ሲጽፍ፣ የምናየውን ነገር ምንነት የምንለየው ሳይታወቀን በምንሰጠው ፍርድ እንደሆነም ጽፏል። እኔ የዛሬ ተማሪ ሆኜ ያልገባኝ እሱን ያኔ ገብቶታል።

ከሥራ ዘመኔ የማልረሳቸው አንዲት እናት አሉ። የአንድ ዓይናቸው ሞራ ተነሥቶላቸው በማግስቱ ማሰሪያውን ፈታሁላቸው። የለበሱትን ነጠላ አዩና «ማነው ያጠበልኝ?» አሉ። ማንም አላጠበውም። ከዚያ አዲሱን ዓይን በመዳፋቸው ሸፈኑ፣ ገለጡ፣ እንደገና ሸፈኑ። ባልታከመው ነጠላው ቢጫ ነው፣ በታከመው ነጭ። የዓይን ሞራ ሲመጣ የዓይኑ ሌንስ ቀስ በቀስ ይደፈርሳል፣ ቢጫ ይሆናል። በዓመታት የሚመጣ ስለሆነ አእምሮ እየለመደው ይሄዳል፣ ሰውየው ዓለም ቢጫ እንደሆነበት አይታወቀውም። «ስንት ዓመት ልጄን ነጠላዬን በደንብ አታጥቢም እያልኩ ስነተርካት!» ብለው ሳቁ። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ አለቀሰች። ሳቅም ነበረበት።

እና ምክሬ ይህ ነው። ስትመሰክሩ «ጥቁር ነበረች» አትበሉ። «ጥቁር መሰለችኝ፣ ሰዓቱ መሽቶ ነበር፣ የቆምኩት ከማሳው ማዶ ነው» በሉ። ሽማግሌዎቹም የሰዓቱን ነገር ቢጠይቁኝ ኖሮ ደግ ነበር፤ እኔ ልጅ፣ እነሱ ትልቅ ሰዎች። ዓይናችሁን አትመኑ አላልኩም፣ ዓይንማ ባይኖር እኔስ በምን እንጀራ እበላ ነበር? ግን ስልክ ላይ 10 ሰከንድ ቪዲዮ አይታችሁ «አይቻለሁ» ብላችሁ ሰው የምትሰድቡ ልጆች፣ ፍየሏን አስቧት።

ስልጠናዬን ጨርሼ ስመለስ የጥቁሯን ፍየል ባለቤት ፈልጌ ሄድኩ። አርጅተዋል። ሮዱንም ኮኑንም፣ ቀይ ሲመሽ እንደሚጠቁርም በትዕግሥት አስረዳኋቸው። ጭራቸውን እያወዛወዙ ዝንብ ሲያባርሩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እንግዲያ አልዋሸህም ማለት ነው?»

«አልዋሸሁም፣ አያ። ዓይኔ ነው።»

«ደግ። ታዲያ ገብሴን ማን ሊመልስልኝ ነው? ዓይንህ?»

በሚቀጥለው ገበያ ሁለት ቁና ገብስ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ከረጢቱን አየት አደረጉና ከጓዳ ቁናቸውን አስመጡ። አንድ በአንድ ሰፈሩት።