«ሁሉም እንዲህ ነው የሚገዛው»፦ በባንክ ብድር ቤት ስለመግዛት የአንባቢያን ጥያቄዎች

ቤት በብድር ስለመግዛት ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ደጋግመው የመጡትን ለዚህ እትም መርጠናል። የጠያቂዎችን ስም አላተምንም። የአዋጆቹ ዓመተ ምሕረት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ልገዛው ያሰብኩት ኮንዶሚኒየም የባንክ ዕዳው ገና አላለቀም። ሻጩ «የእኔን ድርሻ ስጠኝና ውክልና ልስጥህ፤ የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ አንተ ቀጥል፤ ዕዳው ሲያልቅ ስሙን ታዞራለህ» ይለኛል። ደላላውም «ሁሉም እንዲህ ነው የሚገዛው» ብሎኛል። ምን ያሰጋኛል? (ከአዲስ አበባ)

ደላላው አልዋሸም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይገዛል። ነገር ግን በዚህ መንገድ በእጅዎ የሚገባው ውክልና እንጂ ቤት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1185 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው ዝውውሩ በመዝገብ ሲጻፍ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤቱ የሻጩ ነው። ሻጩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽር ይችላል። ቢሞት ውክልናው በሞቱ ቀሪ ይሆናል፤ ወራሾቹም ቤቱን የአባታችን ነው ይላሉ። ሌላ ባለገንዘብ ከስሶት ፍርድ ቤት ቤቱን ቢያሳግድ እግዱ የሚያርፈው እርስዎ በሚኖሩበት ቤት ላይ ነው። ለዓመታት ባንክ ያስገቡት ገንዘብም ደረሰኙ በሻጩ ስም ነው የሚቆረጠው።

ቤቱ የ20/80 (20 በመቶ ቅድሚያ ተከፍሎ 80 በመቶው በባንክ ብድር የሚሸፈንበት የመንግሥት ኮንዶሚኒየም) ከሆነ ደግሞ ከመሸጥ የሚከለክለው የ5 ዓመት ገደብ ማለፉን አስቀድመው ያጣሩ። ገደቡ ሳያልፍ «በውክልና ይዘነው እንቆይ» የሚባለው ነገር የሻጩን ችግር ወደ እርስዎ ማዞር ነው።

ጤናማው መንገድ ይህ ነው። ሻጩ ከባንኩ የቀሪ ዕዳ መግለጫ በጽሑፍ ያወጣል። ወለድ በየቀኑ ስለሚታሰብ መግለጫው የሚጸናበት ቀን ይጻፍበት፤ የሳምንት የሁለት ሳምንት ወለድም በመጠባበቂያ ይያዝ። ከሽያጩ ዋጋ ላይ ያ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ሻጩ የብድር ሒሳብ እንደሚገባ፣ ሻጩ በእጁ የሚቀበለው ቀሪውን ብቻ እንደሆነ በውሉ ላይ ይሰፍራል። ባንኩ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ወይም ባንኩ በቤቱ ላይ ያስመዘገበው እገዳ ሳይነሣ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ (ብዙዎቻችን ዛሬም ውልና ማስረጃ የምንለው) ሽያጩን አይቀበልም፤ ስለዚህ የባንኩ የስምምነት ደብዳቤ ከውሉ በፊት መያዝ አለበት። ዕዳው ሲዘጋ ባንኩ ካርታውን ይመልሳል፤ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤም ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይጽፋል። እርስዎም የሚገዙት በብድር ከሆነ ከዚያው ባንክ መበደር ብዙ ምልልስ ይቀንሳል። ባንኩ የተለየ ከሆነ የእርስዎ ባንክ ለሻጩ ባንክ «ዕዳውን እከፍላለሁ፣ ካርታውን ለእኔ ልቀቅ» የሚል ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠይቁ።

መያዣ ሰውን ሳይሆን ቤቱን ተከትሎ እንደሚሄድ አይርሱ። «ምዝገባው 10 ዓመት ስላለፈው ወድቋል» የሚል ወሬም አይስሙ። በቁጥር 3058 መሠረት የመያዣ ምዝገባ ለ10 ዓመት እንደሚጸና እውነት ነው፤ ግን ጊዜው ሳያልቅ ሊታደስ ይችላል። መታደስ አለመታደሱን የሚነግርዎ መዝገቡ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በ6,200,000 ብር ቤት ተስማምቼ 200,000 ብር ቀብድ ሰጠሁ፤ ውሉን በምስክሮች ፊት ሠፈር ውስጥ ፈረምን። የባንኩ መሐንዲስ ቤቱን 4,900,000 ብር ብቻ ገመተው፤ ገንዘቡ አልበቃኝም። ሻጩ ቀብዱን አልመልስም ይላል። (ከአዳማ)

መጀመሪያ ስሌቱን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ባንክ የሚያበድረው ከተስማማችሁበት ዋጋና ከራሱ ግምት ከሚያንሰው ላይ ነው። 70 በመቶ ያበድራል ብለን ብናስብ እርስዎ የጠበቁት 4,340,000 ብር ነበር፤ የሚፈቀደው ግን 3,430,000 ብር ነው። 910,000 ብር ጎደለ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከቅድመ ክፍያው ውጭ ነው።

አሁን ወደ ቀብዱ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ አጠፌታውን (እጥፉን) ይመልሳል። ይህ የሚሠራው ግን የጸና ውል ሲኖር ነው። ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። «የቅድሚያ ስምምነት ነው እንጂ ሽያጭ አይደለም» ማለትም አያዋጣም፤ ቁጥር 1721 ለቅድሚያ ውልም ያንኑ ፎርም ይጠይቃል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ እንደማይጸና ወስኗል። ስለዚህ የመንደር ውልዎ ለሽያጭ አይበቃም፤ ውል ሲፈርስ ወይም ሳይጸና ሲቀር ደግሞ ተዋዋዮች ወደነበሩበት ይመለሳሉ። 200,000 ብርዎን ይጠይቁ፤ አጠፌታ ግን አይጠብቁ። ሻጩ ውል መዋዋሉን አምኖ የሚከራከር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ መልክ ሊይዝ ስለሚችል መልስዎን ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። ገንዘቡን በባንክ ካስተላለፉ ማስረጃው አለዎት። በጥሬው ከሰጡ ፊርማው ያለበትን ወረቀት እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት።

ውልዎ ውልና ማስረጃ ፊት የተፈረመ ቢሆን ኖሮ መልሳችን ይከፋ ነበር፤ ባንክ ብድር መከልከሉ በራሱ ከውል አያወጣምና። በብድር የሚገዛ ሰው ይህን አንቀጽ ሳያስገባ አይፈርም፦ «ባንኩ እስከ (ቀን) ድረስ ከብር (መጠን) ያላነሰ ብድር ካልፈቀደ ይህ ውል ቀሪ ይሆናል፤ ሻጭም የተቀበለውን ቀብድ በ10 ቀን ውስጥ ይመልሳል።» ሻጩ ይህን አልፈርምም ካለ፣ ቀብድ ሳይሰጡ ባንኩ መጀመሪያ ቤቱን እንዲገምት ያድርጉ። የግምት ክፍያ ከቀብድ ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ካርታው በባል ስም ብቻ ነው። የሚስት ፊርማ ያስፈልጋል? (ከድሬዳዋ)

አዎ። ድሬዳዋና አዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (213/1992) በአንደኛው ስም የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይነሣል። በአንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም በመያዣ ለማስያዝም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልፈረመችው ሚስት ነገሩን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። ሻጩ «አላገባሁም» ካለ ያላገባ ማስረጃ ይጠይቁ፤ የተፋታ ከሆነ የፍቺ ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን የንብረት ክፍፍሉንም ይመልከቱ። ፍቺ ጸድቆ ክፍፍሉ በክርክር ላይ ያለ ቤት ከሁሉ የከፋው ነው። ባልየው የሚስቱን ውክልና ይዞ ከመጣም ውክልናው «መሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ እንዲኖረው ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሻጩ ለግብር ብሎ ውሉ ላይ ግማሹን ዋጋ እንጻፍ ይላል። (ከባሕር ዳር)

በብድር ለሚገዛ ሰው ይህ ራስን መጉዳት ነው። ባንኩ የሚያየው የተጻፈውን ዋጋ ስለሆነ ብድሩ ያንሳል። ውሉ በፍርድ ከፈረሰ የሚመለስልዎ የተጻፈው ነው፤ «ከዚህ በላይ ከፍያለሁ» ብለው በምስክር ለማስረዳት ቢሞክሩ የጽሑፍ ውልን በሰው ምስክር መቃወም ስለማይቻል በሩ ይዘጋብዎታል። ከዚያ በላይ ደግሞ መሥሪያ ቤቶቹ የራሳቸው የቤት ግምት ስላላቸው ቀረጡ በዚያ ሊሰላ ይችላልና የታሰበው ትርፍም አይገኝም። በቴምብር ቀረጥ አዋጅ (110/1990) ለባለቤትነት ዝውውር የተቀመጠው 2 በመቶ ነው። የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል በውሉ ይጻፉ፤ ካልተጻፈ በመጨረሻው ቀን በር ላይ ጠብ ይነሣል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ነው። እህቴ በስሜ ቤት እንድትገዛና ብድሩንም እንድትፈርም ውክልና ልልክላት ነው። «ማንኛውንም ጉዳይ እንድትፈጽም» ብዬ ብጽፍ አይበቃም?

አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም በመያዣ ለማስያዝም ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ጠቅላላ ቃል የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው የሚሸፍነው። እያንዳንዱን ተግባር በስሙ ይጥሩት፦ ቤት እንድትገዛ፣ የሽያጭ ውል እንድትፈርም፣ ስም እንድታስዞር፣ ከባንክ ገንዘብ እንድትበደር፣ ቤቱን ለብድሩ በመያዣ እንድታስይዝ፣ የባንክ ሒሳብ እንድታንቀሳቅስ። «መግዛት» ብቻ ያለው ውክልና ባንክ ሲደርስ ተመላሽ ይሆናል፤ አዲስ እስኪመጣም ሻጩ ላይጠብቅ ይችላል። ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛዎም ይፈርሙ። ሰነዱ በኤምባሲው ከተረጋገጠ በኋላ አዲስ አበባ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። የአሜሪካ ዜግነት ከወሰዱ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዎ (ቢጫ ካርድ) ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አስቀድመው ይዩ። ረቂቁን ከመፈረምዎ በፊት እህትዎ ለባንኩ የሕግ ክፍል ብታሳየው ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ወርሃዊ ክፍያ ቢያቅተኝ ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት ቤቴን ሊሸጥ ይችላል? (ከሐዋሳ)

ይችላል። ግለሰብ አበዳሪ ቢሆን «ካልከፈልክ ቤቱ የእኔ ነው» የሚለው ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3060 ዋጋ የለውም። ባንክን ግን አዋጅ 97/1990 ለይቶታል፤ በብድር ውሉ ላይ ከተስማማችሁ (የባንክ ውል ሁሉ ይህን አንቀጽ ይዞ ነው የሚመጣ) ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ ይሸጣል። በሁለተኛው ሐራጅ ገዢ ካልቀረበ፣ በአዋጅ 216/1992 ለመጀመሪያው ሐራጅ በወጣው መነሻ ዋጋ ራሱ ሊረከበው ይችላል። ከዕዳው የተረፈ ገንዘብ የእርስዎ ነው፤ ጎደለ ከተባለም ቀሪው ዕዳ ይከተልዎታል። ባንኩ ሥርዓቱን ሳይከተል ሸጦ ጉዳት ካደረሰ አዋጁ ያስቀመጠው መፍትሔ ካሣ ነው፤ ቤቱን መልሶ ማግኘት ግን ሌላ ከባድ ክርክር ነው።

ስለዚህ ጊዜው ያለው ከማስጠንቀቂያው በፊት ነው። ክፍያ ሳይዘሉ፣ ቢበዛ አንድ እንደዘለሉ፣ የገቢዎን መቀነስ በማስረጃ አያይዘው የብድሩ ጊዜ እንዲራዘም በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተሰጠ «እናያለን» መልስ አይደለም። ማስጠንቀቂያው በውሉ ላይ ባለው አድራሻ ስለሚላክ አድራሻ ሲቀይሩ ለባንኩ በደብዳቤ ያሳውቁ። ሐራጁ መቅረቡ የማይቀር ከመሰለዎት በባንኩ ፈቃድ ራስዎ ገዢ ፈልገው ቢሸጡ ከሐራጅ የተሻለ ዋጋ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ ተበዳሪው ቢሞት ዕዳው ለልጆቹ ይተርፋል? (ከጎንደር)

ዕዳው በውርሱ ላይ፣ መያዣውም በቤቱ ላይ ይቀራል። ባንኮች የሕይወት መድን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። የመድኑ መጠን ከቀሪው ዕዳ እኩል መሆኑን፣ አረቦኑም (የመድን ክፍያው) በየዓመቱ መከፈሉን ያረጋግጡ፤ ያልታደሰ መድን አይከፍልም። ቤቱ የባልና ሚስት ሆኖ መድን የተገባው ለባል ብቻ ከሆነ፣ ሚስት ብትሞት መድኑ ከዕዳው ላይ አንድ ብርም አይከፍልም።