«ስቅለት ላይ የምንሰማው አይሁድ እነዚህ ናቸው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሙኒክ ነው። የ14 ዓመት ልጄን ትምህርት ቤቷ የዳካውን ማጎሪያ ካምፕ ሊያስጎበኛት ነው። ናዚ ጀርመን በአይሁድ ላይ ስለፈጸመው እልቂት፣ ስለ ሆሎኮስት፣ ስታነብ ሰንብታ «እማዬ፣ ስቅለት ላይ የምንሰማው አይሁድ እነዚህ ናቸው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ «ደሙ በእኛና በልጆቻችን ላይ ይሁን ብለው የለ፤ እሱ ነው የደረሰባቸው» አለ። እውነት ነው? ልጄስ ትሂድ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ትሂድ። ከቻልሽ አንቺም አብረሻት ሂጂ።

ዘመዳችሁ ግን ተሳስቷል፤ ስሕተቱም ከባድ ነው። ናዚዎች የፈጁት 6 ሚሊዮን ያህል አይሁድ ነው። 1.5 ሚሊዮን ያህሉ ልጆች ነበሩ። እግዚአብሔር በሕዝቅኤል 18፥20 «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» ብሏል። «ደሙ በእኛ ላይ ይሁን» ብሎ የጮኸው በጲላጦስ ግቢ የተሰበሰበው ሕዝብ ነው። ጌታ ግን በመስቀል ላይ ሆኖ «የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» አለ። ታዲያ የማንን እንስማ? ደሙም በቀል አይጠራም፤ «ከአቤል ደም ይልቅ የሚሻለውን» ይናገራል (ዕብ. 12፥24)።

ለልጅሽ እንዲህ በያት። ስቅለት ዕለት ስንሰግድ ውለን ማታ ካህኑ ፊት እንቀርባለን። በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ቸብ ቸብ አድርጎ ስግደት ያዘናል። የማንን ኃጢአት ተናዝዘን ነው? የራሳችንን! ያን ቀን የጎረቤት ኃጢአት ቆጥሮ የሚመለስ ሰው የለም። እመቤታችንም ሐዋርያትም አይሁድ እንደነበሩ አትርሺ፤ ይህን ሳይሰሙ የሚያድጉ ልጆች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

አውሮፓ ውስጥ ያ ዘመዳችሁ የጠቀሰው «ደሙ በእኛና በልጆቻችን ላይ ይሁን» የሚል ጥቅስ ለብዙ መቶ ዓመታት በጥላቻ ተሰብኳል። በሰሙነ ሕማማት ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው አይሁድ ጎረቤቶቻቸውን የደበደቡ ክርስቲያኖች ነበሩ። ናዚዎች የራሳቸውን የዘር ትምህርት ይዘው ሲመጡ መሬቱ ታርሶ ጠበቃቸው። ይህን ሳንሸፋፍን ለልጆቻችን መንገር አለብን።

ሌላም ታሪክ አለ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1943 የግሪኳን ደሴት ዛኪንቶስን ያዙ። በደሴቲቱ ያሉ አይሁድ በሙሉ ስማቸው ተመዝግቦ እንዲሰጣቸው አዘዙ። የኦርቶዶክሱ ጳጳስ ክሪሶስቶሞስና ከንቲባው ሉካስ ካሬር ያቀረቡት ዝርዝር ሁለት ስም ብቻ ነበረው፤ የጳጳሱና የከንቲባው። 275ቱ አይሁድ በክርስቲያን ቤቶች ተደብቀው ሁሉም ተረፉ።

ዳካው ውስጥ የአይሁድ መታሰቢያ አለ፤ የኦርቶዶክስ ጸሎት ቤትም አለ። ቆማ በልቧ «አቡነ ዘበሰማያት» ብትል ሃይማኖቷን አይነካባትም። ከመሄዷ በፊት ግን ስለ ዛኪንቶስ ንገሪያት።